አንዴ ቆዪ

ቀን መተኛት ለሕፃንና ለበሽተኛ ነው ትል ነበር እናቱ። እሱ ሕፃንም በሽተኛም ሳይሆን ይኸው ስንት ዓመት ቀን ይተኛል፤ ይተኛል ማለቱም ለወጉ ነው እንጂ ይጋደማል። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ነገር ግን በግራ በኩል ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለችው። ጠዋት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ በዚያች ክፍተት የምትገባው ብርሃን ቁም ሳጥኑ ላይ ትሆናለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ግድግዳውን ትወርድና ስድስት ሰዓት ገደማ ትራሱ ላይ ትደርሳለች፣ ዓይኑ ላይ ስታርፍ ዛሬም ሳይተኛ መዋሉን ያውቃል። መርፌም አለው፣ ክርም አለው። ነገ እሰፋታለሁ እንዳለ ስድስት ዓመት አለፈው፤ መስፋት አቅቶት አይደለም፣ ያቺ ብርሃን ከጠፋች እንቅልፍ ላጣበት ምን ምክንያት ሊሰጥ ነው?

ዛሬ ብርሃኗ ትራሱ ጫፍ ላይ ናት። ብርድ ልብሱ ላይ ዘይት ያወዛው የወረቀት ከረጢት ተቀምጧል፤ በውስጡ አንድ በርገርና አንድ ቺፕስ አለ፣ ከሥራ ቦታ የተረፈ፣ ከቀዘቀዘ የቆየ። ደረቱ ላይ ስልኩ ነው። ስልኩ ውስጥ ልጁ ጠዋት የላከችው መልእክት አለ፣ አሥር ጊዜ አንብቦታል፣ አሥራ አንደኛ ሊያነበው ነው። «አባዬ፣ አልበሜ አለቀ! ከሰው ሁሉ በፊት አንተ ስማው። ባለሙያ ነህና አትራራልኝ፣ የመጀመሪያ ስሜትህን እንዳለ ንገረኝ። ደግሞ አንድ ነገር፤ ውስጡ ድምፅህ አለ፣ ስለዚህ ከተሳተፉት ሰዎች ዝርዝር ላይ ስምህ ይወጣል። ከስምህ ጎን ሥራህን ምን ብዬ ልጻፍ? ዛሬ ሳይመሽ እልከዋለሁ። ከተላከ በኋላ አይነካም።»

ምን ተብሎ ይጻፋል? ሌላ አባት ቢሆን ምን ችግር አለው፣ ሹፌር ከሆነ ሹፌር፣ አስተማሪ ከሆነ አስተማሪ በይ ይላል። እሱ ግን ሁለት ሥራ ነው ያለው፤ አንዱ እዚህ የሚሠራው፣ አንዱ አገር ቤት የሚወራለት። እዚህ ከምሽት እስከ ንጋት የፈላ ዘይት አጠገብ ቆሞ ድንች ይጠብሳል። እዚያ ግን ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቃ የሚያቀናብር ትልቅ ሰው ነው፣ ሠፈሩ ያውቃል፣ ልጁ ታውቃለች፣ እናቱም ነፍሷን ይማርና ይህንኑ እንዳወቀች ሞተች። አሁን የስቱዲዮ ባለሙያ በይ ቢላት ውሸቱ ከስልክ ወጥቶ ጽሑፍ ሊሆን ነው። በስልክ የተዋሸውን ነፋስ ይወስደዋል፣ የተጻፈውን ግን የልጅ ልጅ ያነበዋል፣ ያውም ከልጁ የመጀመሪያ ሥራ ጋር ተጣብቆ። እውነቱን ቢነግራት ደግሞ፣ እውነቱን ቢነግራት ምን እንደሚሆን አስቦ አያውቅም፤ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ አሁንም ዞረ።

እንዲህ ነው የሆነው። ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፣ ክፉም አልነበረም። ከባንዱ ጋር ለሦስት ወር ኮንትራት መጣ፣ ባንዱ ሲመለስ እሱ ቀረ፤ የስድስት ዓመት ልጁን እናቱ ዘንድ ትቶ፣ አንዲት ቁልፉ የማትሠራ አሮጌ ኪቦርዱንም አልጋ ሥር ትቶ። የልጅቷ እናት ቀድማ ሌላ ትዳር ይዛ ርቃለች፣ ማን ይፈርድባታል። ስምንት ወር ድምፁ ጠፋ። ወረቀት የለው፣ ቤት የለው፣ ምን ብሎ ይደውል? ሲሳካልኝ እደውላለሁ እያለ፣ ሳይሳካለት ስምንት ወር። በኋላ ከነዚህ በርገር ቤቶች አንዱ ለመጥበሻው ሰው ሲፈልግ ተቀጠረ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የባልደረባውን ስልክ ለምኖ እዚያው መጥበሻው አጠገብ እንደቆመ ደወለ። እናቱ አነሳች። «ሃሎ» አለ። ሌላ ቃል አልመጣለትም። እናቱ አንድ ጆሮዋ ደካማ ነበር፣ ሃሎ ያለውን አለሁ ብላ ሰማችው። «አለሁ አለ! ኧረ ሰዎች፣ ልጄ አለሁ አለ!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው፣ ጎረቤት ገባ፣ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፣ አንዲት ሴት «የት ነው ያለው? የት ነው ያለው?» እያለች ትጮኻለች፣ እሱ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ሃሎ ነው ያልኩት ይበል? ሞቷል ሲባል የከረመ ሰው፣ የለም እናቴ፣ መኖሬን ገና አላረጋገጥኩም፣ ሃሎ ነው ያልኩት ይበል? ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቤት ሲደውል ሃሎ ብሎ አያውቅም። አለሁ ይላል። እንዴት ነህ ሲሉት አለሁ፣ ጤናህስ አለሁ፣ ብርዱስ አለሁ። ስንቱን ጥያቄ በዚህች በአንዲት ቃል እንደሸኘ እግዜር ይቁጠረው።

በዚያው ቀን ልጅቷ ስልኩን ከአያቷ እጅ መነተፈችው። መቼ ትመጣለህ አላለችም፣ ናፈቅከኝ አላለችም። «አባዬ፣ ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለች። መጥበሻው ነበር። ድንቹ ሲደርስ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ቅርጫቱን ካላወጡለት አያቆምም። መጥበሻውን አየው። ከወዲያ የፈረቃ አለቃው፣ እሱ ስልክ ይዞ መቆሙን እያየ ነው። ከስልኩ ውስጥ የጎረቤቱ ትንፋሽ ይሰማል፣ እናቱ ገና እያለቀሰች ነው፣ ያን ሁሉ እልልታ ተቀብሎ ድንች እየጠበስኩ ነው ለማለት ሰው መሆን ይበቃል እንዴ? «ሙዚቃ ነው ልጄ፣ ሙዚቃ እየሠራን ነው» አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ልጅቷም «እሺ» አለች፣ በቃ፣ እሺ ብላ ተቀበለችው፤ አባቷ በሚጮኽ ነገር ሙዚቃ ይሠራል። በሳምንቱ ከአልጋ ሥር ኪቦርዱን ጎትታ አወጣች፤ ኮምፒውተር ያገኘች ዕለት ደግሞ የበሩን ሲጥታ፣ የውኃ ጠብታውን፣ የአያቷን ሳል ሁሉ እየቀዳች ማቀናበር ጀመረች። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰው አባቷን ወጣች ይላል። እንግዲህ የወጣችው የትኛውን አባቷን እንደሆነ ሆዱ ያውቃል።

የላከችውን ሊንክ ነካው። ወዲያው አልተከፈተም፣ እዚህ አገር ምን ወዲያው ይከፈታል? መለያ ስም ጠየቀው፣ የይለፍ ቃል ጠየቀው፣ የይለፍ ቃልዎ ደካማ ነው አለው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ጠንካራ ነገር ሊያስብ ነው፣ ከዚያ ኮድ ላከለትና ኮዱ ጊዜው አልፏል አለው፣ በመጨረሻ ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ ብሎ ዘጠኝ ሥዕል ደረደረለት፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ይምረጡ። መረጠ። እንደገና ይሞክሩ። መረጠ። እንደገና። ተው እንጂ፣ አለ ለስልኩ። ማሽን ሲጮህ ቅርጫት የሚያነሳ፣ ማሽን ሲጮህ ቅርጫት የሚያወርድ ሰው ነው፣ ምናልባት ስልኩም የደረሰበት ነገር ይኖራል። በአምስተኛው አመነውና አስገባው። አልበሙ ስሙ «አለሁ» ነው። ስምንት ሙዚቃ።

የመጀመሪያው፣ ስሜትህን እንዳለ ንገረኝ ብላለችና፣ አልገባውም። ከበሮ የለው፣ ዘፋኝ የለው። እንደ ማቀዝቀዣ ሞተር የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ብቻ አለ፣ ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል፣ አሁን አንድ ነገር ይመጣል ስትል አይመጣም። ድሮ ባንዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢጫወት አለቃቸው ኪቦርዱ ተበላሸ ወይስ አንተ ነህ ይለው ነበር። በጆሮው እያዳመጠ በእጁ ከረጢቱን ከፈተ። የበርገሩ ዳቦ ከሥር ርሷል፣ ከላይ ደርቋል፣ ሥጋው ግራጫ ነው፣ ቆረጥ ሲያደርገው በሆምጣጤ የተነከረችው ዱባ መሳይ ነገር ተንሸራትታ ደረቱ ላይ ወደቀች። «በላህ?» ትለው ነበር እናቱ። «በላሁ።» «ምን በላህ?» «በርገር።» «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» «ዳቦ ነው እማዬ፣ መሐሉ ሥጋ ያለበት።» «ትናንትስ?» «እሱኑ።» «እሰይ የኔ ልጅ! በየቀኑ ሥጋ!» ብላ ለሠፈሩ አወራች፤ ልጄ ሥጋ ሳይቀምስ አይውልም። ያንን ሥጋ አንድ ቀን ብታየው ኖሮ ለውሻም አትሰጠው ነበር። ጎረሰ። አላመጠ። በዚህ መሐል ከማጉረምረሙ ውስጥ የሰው ድምፅ ብቅ አለ፤ ማነው ይሄ የደከመው ሰውዬ ብሎ ሳያበቃ ራሱ ሆኖ አገኘው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ይመስለው ነበር፣ ለካ ለድምፅም ይሠራል። «አለሁ» ይላል ሰውዬው። «አለሁ።» የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ሲል፣ ጉንፋን ይዞት ሲል፣ ጥርሱን ያስነቀለ ሰሞን ሲል፣ ሽቅብ ሲል፣ ቁልቁል ሲል፣ እየቆራረጠች አንዱን በአንዱ ላይ ደርባዋለች። አ፣ ለሁ። አለ፣ ሁ። ከብዙ መደጋገም ቃሉ ትርጉሙ ጠፋ፤ ሲያልቅ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። የጎረሰውን ሳይውጥ ዘነጋው።

ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጥሪ ጀምሮ የእሱን ጥሪ ሁሉ እንደምትቀዳ ያውቅ ነበር። መጀመሪያ በአያቷ ስልክ፣ ቀይዋን ነጥብ እየተጫነች፣ በኋላ በራሷ። «ምን ያደርግልሻል?» ሲላት «ስትመጣ እናጠፋዋለን» ትለው ነበር። ስቆ አለፈው። እናም አልመጣ፣ እነሱም አልጠፉ።

ሁለተኛው ላይ ጆሮው ነቃ። ዜማው ቀላል ነው፣ ልጅ ሊጫወተው ይችላል፣ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ደረጃ ስትወርድ አንዲቱ እንደጎደለች ያህል። ደጋግሞ ሰማውና ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈ፣ ዶ፣ ሬ፣ እና ሚ የለችም። ያቺ የማትሠራ ቁልፍ! ልጅቷ ሙዚቃ የተማረችው በዚያ ኪቦርድ ነው፤ ዛሬ ሺህ ቁልፍ ያለው ኮምፒውተር እያላት ያቺን ኖታ አትነካትም። ሦስተኛውን አለፍ ብሎ ቀመሰ፣ አምስተኛውን ቀመሰ፣ የትም የለችም። አንድ ቀን ሲጫወት አረቄ አፍስሶባት ነው የሞተችው፣ አሠራታለሁ አሠራታለሁ እያለ ነው የሄደው። ይኸውልህ የመጀመሪያ ስሜት፣ አለ ለራሱ። ሚክሱ ጥሩ ነው፣ ቤዙ ትንሽ ይቀነስ፣ ብሎ እንደ ባለሙያ ሊጽፍላት አስቦ ነበር፤ አሁን ግን አፈረ። ልጅቷ በእሱ እጅ የተበላሸውን እንኳ ሳትጥል ቤት ሠርታበታለች፣ እሱ ቤዝ ይቀነስ ሊል ነው።

ወደ ሦስተኛው ተመለሰ። ስሙ «ሦስት ደቂቃ» ነው። ያቺ የእሱ አባባል ናት፣ ሲደውልም ሲደወልለትም «ሦስት ደቂቃ አለኝ» ይላል። ሰው ሥራ የበዛበት ትልቅ ሰው ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ሦስት ደቂቃ ግን አንድ ቅርጫት ድንች ዘይት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ከሥሩ እንደ ዝናብ የሚንጫጫ ድምፅ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደስ ይላል፣ እውነት ለመናገር ይህኛው ደስ ይላል፣ ሰውነቱ ላላ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የሚመስል ነገር ከእግሩ ጀምሮ መጣ፣ መጣ፣ እናም ጢጥ ጢጥ ጢጥ! ብድግ አለ። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል፣ ቺፕሱ በአንድ በኩል፣ እሱ በውስጥ ሱሪው ክፍሉ መሐል ቆሞ ቀኝ እጁን ዘርግቷል፤ ቅርጫቱን ሊያወጣ ነው። ግድግዳውን ሊይዝ ሲል ነው የነቃው። ስልኩን አየ፣ ሙዚቃው ልክ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሰከንድ አይበልጥ፣ ሰከንድ አያንስ። ሳቁ መጣ። ሳቁ ሲያበቃ ፍርሃቱ መጣ። ልጅቷ ይህንን ሰዓት ከየት አመጣችው?

ቁጭ ብሎ ከወለሉ ላይ ቺፕሱን ለቀመ። ቺፕስ ከዘይት ከወጣ ዕድሜው ሰባት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ይጣላል፣ ሕግ ነው፣ የፈረቃ አለቃቸው ሰዓት ይዞ ይቆጣጠራል፣ እሱ በልቡ ጌታ ሰከንድ ብሎ ስም አውጥቶለታል። ይሄኛው ቺፕስ ከሞተ ሰባት ሰዓት ሆኖታል፣ አፍ ውስጥ ሻማ ሻማ ይላል፣ ቢሆንም በላው፤ ከተራበ ሰው ይልቅ የፈራ ሰው ብዙ ይበላል። ባለፈው ዓመት እንዲህ ብላው ነበር፤ «አባዬ፣ ስትደውል ከኋላህ የሚጮኸው መሣሪያ ስሙ ምንድን ነው? ቃናው በጣም ደስ ይለኛል።» «የድሮ ነው፣ አሁን ገበያ ላይ የለም» አላት። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ ሰነበተች፣ የሠላሳ ዓመት የኪቦርድ ሥዕል ሁሉ እየለቀመች ትልክለታለች፣ ይሄ ነው? ይሄስ? እሱም ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም እያለ ይመልሳል። ልጁን እንዲያ ማንከራተቱ አሁን አጥንቱ ድረስ ተሰማው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ እሱ ግን ንጋት በመጣ ቁጥር መጋረጃ የሚዘጋ ሰው ነው።

አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ከዚህ በኋላ ሙዚቃ አልሰማም፣ የሚሰማው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያቺ ቃል እንዳትመጣ። ያን ቀን ቀድታው ይሆን? ሁሉን ጥሪ ትቀዳ የለም? ያን ቀን፣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ናት፣ በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ድንቹን ዘይት ውስጥ ከከተተ ቆይቷል። «አባዬ» ትላለች። «አለሁ» ይላል። «አባዬ፣ አያቴ…» ትልና ድምፅዋ ይቆረጣል፣ ያን ጊዜ ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ሰው በዚያች ሰዓት ምን ይላል? ይጮኻል፣ ምን ሆነች ይላል፣ ደረቱን ይመታል። እሱ ያለው «አንዴ ቆዪ» ነው። አንዴ ቆዪ ብሎ ስልኩን ጨው ማስቀመጫው አጠገብ አስቀመጠና ቅርጫቱን አወጣ፣ አራገፈ፣ ድንቹን ገለበጠ፣ ጨው ነሰነሰ፣ ሌላ ድንች ሞላ፣ ዘይት ውስጥ ከተተ፣ ሰዓቱን ተጫነ። እጁ ነው የሠራው። ግን ውሸት ነው፣ እጁ ብቻ አይደለም። አያቴ ካለች በኋላ የሚመጣው ቃል አንድ ብቻ እንደሆነ ሆዱ አውቆታል፣ አውቆት ነው ጨው የነሰነሰው፤ ስልኩን እስኪያነሳ ድረስ እናቱ ገና አልሞተችም፣ ድንቹ እስኪራገፍ አንድ ደቂቃ፣ ጨው እስኪነሰነስ ግማሽ ደቂቃ ትኖርለታለች። አንዴ ቆዪ ያለው ለልጁ ይሁን ለእናቱ እስከ ዛሬ አልለየውም። ተመልሶ ስልኩን ሲያነሳ ልጅቷ እዚያው ነበረች። «ሞተች» አለች። «አለሁ» አለ። ምን ማለቱ ነው? አለሁ አለ! ከዚያ ሌላው ቅርጫት ጮኸ።

ስለዚያች ቃል አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ልቅሶ ላይ ላልተገኘ ሰው ሰበብ አይጠፋም፣ ወረቀት፣ ፈቃድ፣ ትኬት፣ ሰውም ይቀበላል። ለአንዴ ቆዪ ግን ሰበብ አላገኘለትም። ስንት ቀን እዚህ አልጋ ላይ ተጋድሞ በሌላ ቃል ሊተካት ሞክሯል፤ እያነባ የኔ ልጅ ሲል፣ ሥራውን ጥሎ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ ዘይቱ ሲቃጠል ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ ጌታ ሰከንድ ሲያባርረው፣ እሰይ ሲባረር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ቅርጫቱን ያወጣል።

ሰባተኛው አለቀ። ስምንተኛውን አየ። ስሙ «አንዴ ቆዪ» ነው።

ሊያጠፋው ይችላል። አልደረስኩበትም፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ነገ እሰማዋለሁ ቢላት ታምነዋለች፣ እስከ ዛሬ ምን ያላመነችው ነገር አለ? ጣቱ ስልኩ ላይ ቆመ። ብርሃኗ ዓይኑ ላይ ደርሳለች። ከፈተው።

ጢጥ ጢጥ ጢጥ። «አንዴ ቆዪ» ይላል የእሱ ድምፅ። አያቴ ያለችበትን አላስገባችውም፣ ለአያቷም ለእሱም አዝና መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የለም። ዝም ነው። ተበላሸ እንዴ ብሎ ድምፁን ጨመረ፣ ለካ ዝም አይደለም። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ዘይት ይንጫጫል፣ ያ ሦስተኛው ላይ ዝናብ የመሰለው። ሽቦ ብረት ሲነካ ይሰማል፤ ቅርጫቱ ነው። ሸክ ሸክ፤ ጨው ነው። ሰውዬው ጨው እየነሰነሰ ነው። ከዚህ ሁሉ ቀረብ ብሎ፣ ጆሮው ሥር፣ የሰው ትንፋሽ አለ፣ ድምፅ ሳታወጣ የምታለቅስ ልጅ ትንፋሽ። ቆይታለች። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ፣ ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይታያል፣ ይህን ያህል ነው ብቻዋን ያቆማት። እሱ ያን ጊዜ የሰማው የራሱን ልብ ብቻ ነበር፣ እሷ ግን ሁሉንም ሰምታለች፣ ጨዉን ሰምታለች። ትንፋሹ ሲጠፋ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ፣ በአሮጌ ስልክ የተቀዳች፣ እንዲህ ብላ ጠየቀች፤ «አባዬ፣ ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

መልሱን ጠበቀ። ሙዚቃ ነው ልጄ የሚለውን፣ ያንን የመጀመሪያውን፣ ተሸማቆ ጠበቀው። አልመጣም። ቆርጣ አውጥታዋለች። ጥያቄው ቀረ፣ ከኋላው ባዶ፣ ባዶው ረጅም፣ ከዚያ አልበሙ አለቀ። ስልኩ ላይ አምስት ባዶ ኮከብ ተደረደረ፤ ስሜትዎን በኮከብ ይግለጹ። አለቀሰ። የእናቱን ልቅሶ ነው ያለቀሰው፣ ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ በቀን፣ የቺፕስ ጨው የነካው እጁ ዓይኑን እያቃጠለው።

ከዚያ ደወለ።

«ሃሎ» አለች።

አለሁ ሊል ነበር። አፉ ላይ ደርሳ ነበር፣ ዋጣት። «ሰማሁት» አለ።

«ሁሉንም?» ድምፅዋ ቀጠነ። «መጨረሻውንም?»

«መጨረሻውንም።»

«እና? የመጀመሪያ ስሜትህ?»

«የድንች መጥበሻ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ያ የሚጮኸው። ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? የድንች መጥበሻ ነው፣ ልጄ። የበርገር ቤት። ድንቹ ሲደርስ ይጮኻል። ደርሻለሁ፣ አውጡኝ ነው የሚለው።» አውጡኝ ላይ ድምፁ ከዳው። ለድንቹ ብሎ የጀመረው ቃል ነበር።

ከወዲያ የመንገድ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፣ አልተቋረጠም። «አለሽ?» አለ።

«አለሁ» አለች፣ እያለቀሰች። ቀጥላም «አውቃለሁ እኮ» አለች። «አያቴ ከሞተች በዓመቱ እኛ ሠፈር አፋፉ ላይ በርገር ቤት ተከፈተ። ከጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ ሳለ ሰማሁት፣ ያው ራሱ፣ ቃናው አልተለወጠ። ያዘዝኩትን ሳልቀበል ወጣሁ።»

«ያን ሁሉ የኪቦርድ ሥዕል የላክሽልኝ፣ ካወቅሽ በኋላ ነው?»

«ካወቅሁ በኋላ ነው። ትነግረኛለህ ብዬ።»

«አንቺ አትነግሪኝም ነበር?»

«አንዴ ቆዪ አላልከኝም እንዴ?» አለች። «ቆየሁ።»

አፍንጫውን ጠረገ። እሷም ወዲያ ማዶ ስትጠርግ ተሰማው፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሳቅ አመለጣት። «ቺፕሱ ግን እዚያም እንደዚህ መጥፎ ነው?» አለች።

«የባሰ ነው። ሰባት ደቂቃ ካለፈው አትንኪው።»

«እና ከስምህ ጎን ምን ልጻፍ?»

«ድንች ጠባሽ በይ።»

«ድንች ጠባሽ» አለች፣ ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። «ኪቦርድ ተጫዋችም እላለሁ። ሁለተኛው ላይ የጎደለችው ኖታ ያንተ ናት። አወቅሃት?»

«አወቅኋት።»

«አባዬ፣ ቅድም ያልከውን ትደግመዋለህ? መጨረሻው ላይ ባዶውን የተውኩት ለእሱ ነው፣ መልስህን ካገኘሁ ብዬ። ሳይመሽ እንደርሳለን። ቅድም ደንግጬ አልቀዳሁትም።»

«እደግመዋለሁ።»

«አንዴ ቆይ እሺ፣ መቅጃውን ላብራ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰማ። ወንበር ተሳበ፣ እግሯ ራቀ፣ አንድ በር ተከፈተ። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ብርሃኗ ፊቱ ላይ ናት፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።